ከአስር የሚጀምረው ሜትር

ውድ ልጄ፣

ሰላምታው ጥቂት ይታገሠኝ፤ የማይዘገይ ዜና አለኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ የደረሰበት ጠፍቶ መላው ቤተሰብ ሲያፈላልገው የሰነበተው የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ፣ ትናንት ረፋዱ ላይ ከስፌት መኪናው ኋላ በሕይወት መገኘቱን በታላቅ ደስታ አስታውቃለሁ። ጥቂት ክርና ብዙ አቧራ ከመልበሱ በቀር በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። በፍለጋው ለተሳተፉ ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው። ድመቷን በሐሰት ጠርጥሬያት ስለነበር በይፋ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለተኛች ይቅር ማለቷን ግን አላረጋገጥኩም።

አሁን ሰላምታው ይግባ። እንዴት ነሽ? ሆስፒታሉ እንዴት ነው? በሽተኞችሽ አንቺን ሲያዩ ይሻላቸዋል ወይስ ይብስባቸዋል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል እንጂ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሱቁም እንደተውሽው ነው፤ ደንበኞቼ አሁንም ልብሳቸውን «ለነገ» ይሉኛል፣ እኔም አሁንም «እሺ» እላቸዋለሁ፣ ሁላችንም ነገ ማለት መቼ እንደሆነ እናውቃለን።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ልጅሽ ነው። «በስልክ አትነግረኝም ነበር?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር ዳኛዋ ልጅሽ አጠገቤ ትቀመጥና ጆሮዋን ከስልኩ ጀርባ ትለጥፋለች። «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትዪኝ «ጥሩ ነው» የምልሽ ክርኗ ጎኔ ውስጥ ገብቶ ነው። እና ሰሞኑን «ጥሩ ነው» ያልኩሽ ጥሩ አልነበረም። አሁን አልፏልና አትደንግጪ። ባያልፍ ኖሮ ስለ ነጠላ ጫማ አላወራሽም ነበር።

ዳኛዋ የሚለውን ስም አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሰፈሩ አጽድቆታል። የልጆቹን የኳስ ክርክር የምትዳኘው እሷ ናት። እኔና ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ዳማ ስንጫወትም አጠገባችን ወንበር ይዛ ትቀመጣለች። አያቷ ነኝ፣ ታደላልኛለች ብዬ ብጠብቅ ሁለት ጊዜ ፈረደችብኝ። «ጠጠሩን በክንድህ ገፍተሃል አባባ፣ አይቻለሁ» አለችኝ በሰው ፊት። ጫማ ሰፊው ያን ቀን በሩን ዘግቶ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።

ይህች ልጅ ናት እንግዲህ አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን በእጇ ያስቀመጠችው። ወትሮ ከበሩ ላይ ሆና ወደ ወንበሩ ትወረውረዋለች፤ ብዙ ጊዜም ትስታለች። ልጅ ቦርሳውን በክብር ካስቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው። መቀሴን አስቀመጥኩና ጠበቅሁ።

«አባባ።»

«አቤት ዳኛዬ።»

«ሰው ሒሳብ ሳይችል መኖር ይችላል?»

«ይኸው ጫማ ሰፊው አለ አይደል።»

አልሳቀችም። ያኔ ነው ልቤ ደንገጥ ያለው። በጫማ ሰፊው ቀልጄ ያልሳቀችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። ሜትርን ወደ ሴንቲ ሜትር መለወጥ ከጀመሩ ወዲህ አንድም አላገኘችም። ዓርብ ፈተና አለ። ያን ከወደቀች ቲቸር ወደ ማጠናከሪያ ክፍል ልታዘዋውራት ነው። ማጠናከሪያ ክፍል ማለት ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፤ የሒሳብ ሰዓት ሲደርስ ስማቸው የተጠራ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሌላው እያያቸው ወደዚያ ይሄዳሉ። ከፍንጭቷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥም ያበቃል ማለት ነው። ፍንጭቷን ታውቂያታለሽ፤ የፊት ጥርሷ መካከል እርሳስ የምትሰካው የዳኛዋ ጓደኛ ናት።

«ኪሎና ግራም ይገባኛል» አለችኝ። «ሊትርም ይገባኛል። ሜትር ብቻ እምቢ አለኝ። ልጆቹ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? የልብስ ሰፊ ቤት ልጅ ሆና ሜትር አታውቅም ይሉኛል።»

«የማነው ምላሱ?»

«ተወው አባባ። እውነታቸውን ነው። እኔ የሒሳብ ጭንቅላት የለኝም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለእማዬ እንዳትነግራት» አለች። «እዚያ ሆና ታስባለች።»

በስልክ አልነግራትም ብዬ ቃል ገባሁ። ስለ ደብዳቤ የተነሣ ነገር አልነበረም።

ልጄ፣ ብዙ ነገር ሰምቼ አልፌያለሁ። «የሒሳብ ጭንቅላት የለኝም» የሚለው ግን እንደ መርፌ ጥፍሬ ሥር ገባ። ያለቀሰች ቢሆን አባብላት ነበር። እሷ ግን ፍርድ ነው የሰጠችው፤ ጉዳዩን መርምራ፣ ምስክር ሰምታ፣ በራሷ ላይ ፈርዳ ጨርሳለች። ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለ ማን ይንገራት?

«በይ ጥያቄውን አምጪው» አልኳት፣ ጠመኔ የበላውን ጠረጴዛ በእጄ ጠርጌ። አነበበችልኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ ስድስት ሜትር ከአርባ ሴንቲ ሜትር ጨርቅ አላት። ለአንድ የትራስ ልብስ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋታል። ስንት የትራስ ልብስ ይወጣላታል?

ከጥያቄ ሁሉ ይኼ። የእኔው ሥራ። ደረቴን ነፋሁ። «ጨርቁን ወደ ሴንቲ ትለውጪዋለሽ፣ ከዚያ ታካፍዪዋለሽ፣ አለቀ» አልኩ። ጎንበስ ብላ ሠራች። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ወጣ፤ አንቺም ክር በመርፌ ስታስገቢ እንደዚያው ነበርሽ።

«ዘጠኝ» አለች።

«ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ። የሚተርፍ ጨርቅ የለም፤ ልክክ ብሎ ነው የወጣው። ቲቸር ግን ስምንት ነው ትላለች።»

እኔም በልቤ ስምንት ነው ብያለሁ። ግን ልጅቷ ዘጠነኛውን ትራስ ከየት አምጥታ አለበሰችው? ተሳስቶ የሚያካፍል ሰው ቁርጥራጭ ይተርፈዋል፤ ይህ ግን እንደ ባለሙያ ስፌት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የገጠመ ነው። ደግማ እንድትሠራው አደረግሁ። ዘጠኝ። በሌላ እርሳስ። ዘጠኝ።

ይኼኔ ጫማ ሰፊው ሰም ሊበደር ገባ። ሊበደር ሲገባ የማያማክረው ነገር የለም። በትከሻችን ላይ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ይቺን ልጅ ያጠፋት ይህ ሜትር የሚሉት ነው» አለ። «በእግር ቁጥር አስተምራት። ሠላሳ ስምንት ስትል እግሩ ይታይሃል። ስድስት ሜትር ስትል ምን ይታይሃል?»

«ጋሼ፣ የትራስ ልብስ እግር የለውም» አለችው ዳኛዋ።

«እሱም አንድ ችግር ነው» አለና ሰሙን ይዞ ወጣ።

እሱ ሲሄድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳቡ የመጣው ከብልሃት ሳይሆን ከጭንቀት ነው። «ጨርቁን እንተወው» አልኳት። «አንዲት ባለሱቅ ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ስኳር አላት። በየከረጢቱ ስምንት መቶ ግራም…»

«ስምንት ከረጢት» አለች፣ አፌን ሳልዘጋ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስድስት ሺህ አራት መቶ ለስምንት መቶ ነዋ አባባ።» በሰለቸ ድምፅ ነው የመለሰችልኝ፤ ይህን እንኳ ትጠይቀኛለህ በሚል ዓይነት።

ልጄ፣ ያው ሒሳብ እኮ ነው። ስኳር ሲሆን ስምንት፣ ጨርቅ ሲሆን ዘጠኝ። ጭንቅላቷ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ከእኔ ይፈጥናል። አንድ ነገር ጨርቁ ላይ ነው የሚያጠምዳት። እንግዲህ ምን ቀረኝ? የገበር ጨርቁን ጣቃ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና፣ «በወረቀት አይደለም፣ በእጅሽ አሳዪኝ። እየሠራሽም ጮክ ብለሽ ንገሪኝ» አልኳት።

ከአንገቴ ላይ ሜትሬን መዘዘች። በርጩማዋ ላይ ቆመች። ጀመረች።

«ስድስት ሜትር ስድስት መቶ ሴንቲ ነው። አርባ ሲጨመር ስድስት መቶ አርባ። አስሩ ሲወጣ ስድስት መቶ ሠላሳ…»

«ቆይ ቆይ። የቱ አስር?»

«አስሩ ነዋ።»

«የቱ አስሩ?»

ፀሐይዋ የቷ ናት ያልኳት ይመስል አየችኝ። «አባባ፣ አስሩ። አንተ ሁልጊዜ ‹አስሩን አትርሺ› የምትለው አስሩ።»

ቁጭ አልኩ። ወንበር ያለበትን ሳላይ ነው የተቀመጥኩት፤ ደግነቱ ነበር።

ሜትሬ ከአስር እንደሚጀምር ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያዎቹ አስር ሴንቲዎች የሉትም። ስለዚህ አስር የሚለውን ቁጥር ጨርቁ ጠርዝ ላይ አደርግና፣ በወዲያኛው ጫፍ ካነበብኩት ላይ አስር እቀንሳለሁ። ዘጠና ካለኝ ሰማንያ ነው። እጄ ስለለመደው አላስበውም እንኳ። ዳኛዋ ግን ቁጥር የተማረችው በዚሁ ሜትር ነው። ትምህርት ቤት ሳትገባ በፊት በርጩማ ላይ ቆማ የጨርቁን ጫፍ ትይዝልኝ ነበር። «ዘጠና» ትለኛለች። «አስሩን አትርሺ» እላታለሁ። «ሰማንያ» ትላለች፤ እኔም እጽፋለሁ። እንዲህ እያልን አደገች። ለእሷ ሴንቲ ሜትር ማለት ሁልጊዜ አስር የሚላጥለት ነገር ነው፤ ብርቱካን ሳይላጥ እንደማይበላው። ኪሎ ላይ የሚቀነስ የለም፣ ሊትር ላይም የለም። ሴንቲ በተባለ ቁጥር ግን አስሩን ትልጣለች።

ስድስት መቶ አርባው ስድስት መቶ ሠላሳ ሆነ። ሰማንያው ሰባ ሆነ። ስድስት መቶ ሠላሳን ለሰባ አካፍዪው እስቲ። ዘጠኝ፤ ትርፍ የሌለው፣ ልክክ ያለ ዘጠኝ። እንዲህ ያማረ ስህተት በዕድሜዬ አላየሁም። ብሰፋው ኖሮ መስኮት ላይ እሰቅለው ነበር።

ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። «ሌላ ሰው ቤት ያለ ሜትር ከስንት ይጀምራል?» አለች።

«ከዜሮ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

የሜትሩን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው። «የኛን ማን ቆረጠው?»

እዚህ ላይ ልዋሽላት እችል ነበር። ግን ዳኛ ፊት ነው የቆምኩት። «እናትሽ» አልኳት።

«እማዬ?»

«እናትሽ። ያኔ ካንቺ ታንስ ነበር። ለአሻንጉሊቷ ቀበቶ ፈልጋ።»

ልጄ፣ ምን ልበልሽ፤ ከዚያ በርጩማ ላይ ልትወድቅ ነበር። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ጣቃው ላይ ተጋደመች። «እማዬ ሜትር ቆረጠች? ያቺ ‹መቀስ አትንኪ› የምትለዋ እማዬ?» ያን ሳምንት ሙሉ ያልሳቀችውን በአንድ ጊዜ አወጣችው። ከእንግዲህ ስለ መቀስ ስትመክሪያት ጥንቃቄ አድርጊ፤ መከራከሪያ አግኝታብሻለች።

«ገረፍካት?» አለችኝ በኋላ ዓይኗን እየጠረገች።

«ቀበቶው ለአሻንጉሊቷ አምሮባት ነበር» አልኳት።

ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንቺ ልንገርሽ። ያን ቀን ልቆጣሽ ነው የገባሁት። አሻንጉሊትሽን አንሥቼ ሳይ ቀበቶው ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ሰፍተሻል። ማንም ሳያሳይሽ፣ እኔን ከሩቅ እያየሽ። ጥልፉ ቀጥ ያለ ነበር። የቁልፍ ቀዳዳ መስፋት እኔ የለመድኩት ጺም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ቁጣዬን ረስቼ ወደ ሱቁ ወጣሁና ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የተቆረጠውን ሜትር አሳየሁ። «ልጄ ናት የቆረጠችው» እል ነበር፣ ሜዳሊያ እንደሚያሳይ ሰው። ሌላ ሜትር ያልገዛሁት ለዚህ ነው። ላንቺ ግን ያን ጊዜም አልነገርኩሽም፤ «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» ብዬሽ አለፍኩ። የነርስነት ልብስሽን የለበስሽ ዕለትም እንደዚያው ኮሌታሽን ብቻ አስተካክዬልሽ ዝም አልኩ። አፌ ለቀልድ እንጂ ለዚህ አልተሠራም። በጽሑፍ ይቀለኛል መሰለኝ።

ወደ ዳኛዋ ልመለስ። ያኔውኑ ኮቴን አንሥቼ፣ «ነገ ጠዋት ቲቸርሽ ጋ ሄጄ አስረዳለሁ» አልኩ።

«አትሄድም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሰበብ ይመስላል። መጀመሪያ ልፈተን። ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

«ብትወድቂስ?»

«ከወደቅሁ አልነግራትም» አለች። «ከወደቅሁ አስሩ ሳይሆን እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ኮቴን መልሼ ሰቀልኩት።

ሜትሬንም ወሰደችብኝ፤ ማስረጃ ስለሆነ እስከ ዓርብ የሚነካው ሰው የለም ተባለ። ሐሙስ ጠዋት ከዜሮ የሚጀምር አዲስ ሜትር ገዛሁ። ምን ላድርግ፣ እጄ ግን አልሰማም። የደንበኛዬን የጠበቃውን ሱሪ ስቆርጥ መቶ ላይ ማቆም ሲገባኝ እንደ ልማዴ መቶ አስር ላይ ምልክት አድርጌ ቆረጥኩት። ሰውየው ሊለካው ሲመጣ ሱሪው መሬቱን እየጠረገ ከኋላው ተከተለው። ዳኛዋ ከትምህርት ቤት እየገባች ነበርና አየች። ጠበቃውንም አላፈረችው፣ እኔንም አልማረችኝ። «አስሩን እርሳው አባባ» ብላኝ አለፈች።

ስቄ ነበር፤ ማታ ላይ ግን ሳቁ ቀነሰ። ልምምድ ስንሠራ እሷም እንደኔው ሆነች። ሁለቱን በትክክል ትሠራና ሦስተኛው ላይ አስሩ ሾልኮ ይገባል። አውቃው ነው፤ እያወቀችው ይገባል። ስትሳሳት ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ከዚያ በላይ የማስተምራት አልነበረኝም። እኔ ራሴ የጠበቃውን ሱሪ እያጠፍኩ እንዴት ብዬ «አትሳሳቺ» እላታለሁ?

መላውን ያገኘችው እሷው ናት። የግራ እጇን ጨበጠች።

«ምን ያዝሽ?» አልኳት።

«አስሩን። እዚህ ይቀመጥና በቀኝ እጄ እሠራለሁ።»

ጨብጣ ሠራች፤ ሁሉንም አገኘች። ስትፈታው ተሳሳተች። እንደገና ጨበጠች፤ አገኘች። እራት ስትበላ እንኳ አልፈታችውም።

ዓርብ ከሰዓት ሱቁን ለጫማ ሰፊው አደራ ሰጥቼ ልቀበላት ሄድኩ። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ከወላጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። አንዲት እናት አየሩ ጥሩ ነው ስትለኝ «ዘጠኝ» ብዬ መለስኩላት መሰለኝ። ደወሉ ተደወለ፣ የሌላው ክፍል ልጆች ወጡ፣ የእኛዎቹ ቀሩ። በመጨረሻ ቲቸር ራሷ በሩ ላይ ብቅ አለችና በእጇ ጠራችኝ። የሆነውን የሰማሁት ከእሷ ነው።

በፈተናው መካከል ዴስክ ለዴስክ ስትዞር የዳኛዋን የግራ እጅ አየች፤ ጭብጥ። ጎንበስ ብላ፣ «ምን ይዘሻል?» ትላታለች።

«አስር ነው ቲቸር።»

«አስር ምን?»

«ሴንቲ።»

«እጅሽን ክፈቺው።»

እዚህ ላይ ቲቸር ድምፅዋን ዝቅ አደረገችልኝ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ስጨርስ ልክፈተው? አሁን ከከፈትኩት ያመልጠኛል» አለቻት አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያያል። የተጻፈ ነገር ይዛለች ብለው የጠረጠሩም አሉ፤ አንዱማ «ኮረጀች» ብሏል። አስቢው እስቲ፤ ያቺ የአስር ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቿ እያዩ፣ ማጠናከሪያ ክፍል ደጅ ላይ ቆማ። ቲቸር ጥቂት አየቻትና «እሺ ጨርሺ፤ ግን እዚሁ እቆማለሁ» አለች። አጠገቧ ቆማ አስጨረሰቻት። እኔ ያቺን አስተማሪ ከእንግዲህ ልብስ በሰፋሁላት ቁጥር ቀድሜ ነው የማደርስላት፤ በእውነተኛው ነገ።

ዳኛዋ እርሳሷን አስቀመጠች፣ እጇን ከፈተች። ባዶ ነው። ላብ ብቻ።

ቲቸር ወረቀቷን አርማ ማለፏን ከነገረቻት በኋላ ተነሥታ ማስረጃዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ዴስኩን እንዲለኩ ለልጆቹ ሜትሬን ሰጠቻቸው። አንዱ ለካ፣ «ሰባ» አለ። ሌላው ለካ፣ «ሰባ» አለ። ያ «የልብስ ሰፊ ቤት ልጅ» ሲላት የሰነበተውም ለካ፣ ሰባ። «ስድሳ ነው» አለቻቸው፤ «ጫፉን እዩት፤ አስሩን ረሳችሁ።» በቲቸር ማስመሪያ ለኩት፤ ስድሳ። ከዚያ ስለ ቤታችን፣ ስለ በርጩማው፣ ስለ እኔ ተናገረች። ስለ አንቺም ተናግራለች፤ መቀሱን ጨምሮ። ከእንግዲህ እዚያ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ልጆቹ በጣት ቢጠቁሙሽ አይግረምሽ።

ፈተናውን ከአንዲት ጥያቄ በቀር አግኝታዋለች። የሳተችው የሰዓትና የደቂቃ ነው፤ ቤታችን ያለው ሰዓት ሩብ ይቀድማልና እሱንም እያጣራሁ ነው።

ቲቸርም ደስ ብሏት፣ «እንግዲያው በፊት ኤክስ ያደረግሁብሽን አስተካክልልሻለሁ፤ ጥፋቱ የሜትሩ ነው» አለቻት። ልጅሽ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አይ ቲቸር፣ ይቆይ። ያጠረው የአባባ ሜትር ነው እንጂ ስድስት ሜትርማ አላጠረም።»

ይህን ስሰማ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ያወለቅሁት ሙቀቱ ስለበዛ ነው አልኩ።

ከሁሉ የበለጠው ግን ገና ነው። ከክፍሉ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «ቲቸር፣ ማጠናከሪያ ክፍል ያሉትን ማየት እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። «ለምን?» ብትላት፣ «እነሱም ቤታቸው የተቆረጠ ነገር ይኖር ይሆናል፤ ጮክ ብለው ሲሠሩ ብሰማቸው አውቀዋለሁ» አለች። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ልትገባ ነው፤ ያን ቀን ፈርታው ቦርሳዋን በክብር ያስቀመጠችለት ክፍል ውስጥ፣ በራሷ እግር። ፍንጭቷም አብራት ትሄዳለች። አብራ የምትሄደው ምን ልታደርግ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። እጄን ያዘች፤ ቤት እስክንደርስም አልለቀቀችውም። ትንሿ መዳፏ ገና ላቧ አልደረቀም ነበር። ጫማ ሰፊው ሱቁ ደጅ ላይ ቆሞ ሲያየን፣ «ስንት ሆነ?» ብሎ ጮኸ። «ስምንት» አልነው፣ አንድ ላይ።

ይኸው ነው ልጄ። ስትደውዪ እንዳላወቅሽ ሁኚ፤ እሷ ራሷ ትንገርሽ። ግን ከመንገሯ በፊት ትንሽ አስጨንቂያት፤ «ትምህርት እንዴት ነው?» በያትና ዝም በዪ። ክርኗ ጎኔን ሲለቅ ልትነግርሽ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። አንቺም እዚያ ስትደክሚ፣ ሌላ ሰው ያላየልሽን ጥሩ ሥራ ስትሠሪ፣ እዚህ አንድ ሽማግሌ ለደንበኛው ሁሉ ስለ አንቺ እያወራ ሥራ እንደሚያስፈታ አስቢ። ይህን ስታነቢ ካልሲሽን አድርጊ። ወለሉ ይበርዳል።

ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ሁለቱንም ነጠላ ጫማ አድርጎ፣

አባትሽ

ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል ደገምኩና አነበብኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዷን ነገር ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት። እጄን አልያዘችም። ከፍንጭቷና ከአራት አምስት ልጆች ጋር እየተንጫጫች ወጣች፣ ሳትቆም ቦርሳዋን ደረቴ ላይ ወረወረችልኝና «አባባ ያዝልኝ» ብላ አለፈች። ፍንጭቷም የራሷን ጨመረችልኝ። ሁለት ቦርሳ ተሸክሜ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። መሐላቸው ሆና በሁለት እጇ እየለካች ታስረዳቸዋለች፤ የግራ እጇም ተከፍቷል። አረማመዷ ቁርጥ ያንቺ ነው። እጄን ይዛ ቢሆን ኖሮ ይህን አላይም ነበር።